በብሊዳ ሆስፒታል የሆነው

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. የማርቲኒክ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ፍራንዝ ፋኖን፥ ፈረንሳይ ትገዛት በነበረችው በአልጄሪያ፥ በብሊዳ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተሾመ። ለአውሮፓውያን ሴቶችና ለ220 ሙስሊም ወንዶች አንድ ዐይነት ሕክምና አዘዘ፤ ይኸውም ሲኒማ፥ ጋዜጣና የበዓል ምሽት ነበር። የሴቶቹ መንፈስ ታደሰ፤ ወንዶቹ ግን ዝም አሉ።

የአልጀርስ የሙያው ሊቃውንት ቢሆኑ በአልጄሪያዊው ተፈጥሮ ባሳበቡ ነበር። ፋኖን ግን ራሱን መረመረ፤ ሕሙማኑን የሚያነጋግረው በአስተርጓሚ ነበር፤ አብዛኞቹም ጋዜጣ ማንበብ አይችሉም። ስሕተቱን በ1954 ዓ.ም. በሕክምና መጽሔት አሳተመ፤ ይህ ለሐኪም ቀላል ኑዛዜ አይደለም። ከዚያም እንደ አገራቸው ወግ ቡና ቤት አቋቋመ፤ በዓላቸውን አስከበረ፤ ተረት ነጋሪም አስመጣ።

ሆኖም በ1956 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀ፤ ሰው በገዛ አገሩ ባይተዋር ተደርጎ ሳለ አእምሮውን ማከም ከንቱ ሆኖ ታይቶት ነበር።