አውጫጭኝና ሌባ ሻይ፦ በወሎ ወንጀል እንዴት ይመረመርና ይነገር ነበር

አውጫጭኝ ሰው ሲገደል፣ ከብት ሲነዳ ወይም እህል ሲዘረፍ፣ አድራጊውም ሲሰወር፣ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛውን የሚያወጣበት ልማዳዊ ምርመራ ነው። በሸዋ አፈርሳታ ይባላል። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው ገጠር የፖሊስ መዝገብ ከመምጣቱ በፊት የወንጀል ታሪክ ተፈልጎ የሚገኘው በዚህ ሸንጎ ነበር።

ጥሪው ሲነገር የቀረ ሰው ይቀጣል። የመጣውም ክርስቲያን ከሆነ በሃይማኖቱ፣ ሙስሊም ከሆነ በቁርኣን ምሎ፣ ያየውን፣ የሰማውንና የሚጠረጥረውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች ይናገራል። በአደባባይ ለመናገር የሚፈራ ሰው «ወፍ ነገረኝ» ብሎ በምስጢር ይጠቁማል፤ ማንነቱም አይገለጥም። ወንጀለኛው ካልተገኘ ስብሰባው በሌላ ቀን ይቀጥላል፤ በመጨረሻም የጠፋውን ንብረት ነዋሪው አዋጥቶ ይከፍላል። ዝም ማለት ዋጋ ስለሚያስከፍል ጎረቤት ጎረቤቱን ነቅቶ ይጠብቃል፤ የአውጫጭኝ ብርታት ይህ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። አጨዳ ወይም ዘር ላይ የነበረ ገበሬ ሥራውን ጥሎ ይውላል፤ ቂመኛም በወፍ ስም ንጹሕ ሰው ሊወነጅል ይችላል።

ሌባ ሻይ የሚባለው ሌላው የሌባ ፍለጋ ልማድ ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ነበር። ሌባ ፈላጊው ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት በጥብጦ ያጠጣዋል፤ ጢስም ያስስበዋል። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡን በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ ፈላጊው መቀነቱን ይዞ ከኋላው ይከተላል። እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ሲገባ ቆይቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። መቀነቱን የያዘው ሰው ልጁን ወደፈለገበት ሊመራው እንደሚችል ግልጽ ነው። ተከሳሹ ምስክር የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም፤ በልጁ ላይ የሚደርሰውንም የሚቆጥር አልነበረም።

ይህን አሠራር ለማሻሻል ከሞከሩት አንዱ ደሴን መቀመጫው ያደረገው የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን እስኪወርድ በነበረው አጭር ዘመኑ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበትን የቁራኛ ሥርዓትና ሌባ ሻይን ለመለወጥ ጥረት አድርጓል፤ ለአዲስ አበባም ተረንቡሌ የተባለ የጸጥታ ኃይል አቋቁሟል። ስሙ ከሃይማኖት ውዝግብ ጋር ብቻ እየተነሣ ይህ ሥራው መረሳቱ ተገቢ አይደለም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 ተደራጀ። የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የ1954 የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከተሉ። ትልቁ ለውጥ ያለው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ላይ ነው፤ የተያዘ ሰው በፖሊስ ሲጠየቅ መልስ ለመስጠት አይገደድም፣ ይህ መብቱም ሊነገረው ይገባል። በአውጫጭኝ ዝምታ ጥርጣሬ ነበር፤ በአዲሱ ሕግ መብት ሆነ።

ወንጀልን ጽፎ ለአንባቢ ማቅረብም ከፖሊስ መዝገብ ጋር መጣ። በዘውዱ ሥርዓት ዘመን ይታተም የነበረው «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ ከፖሊስ የተገኙ የወንጀል ታሪኮችን ለሕዝብ አደረሰ። በልብ ወለድ ደግሞ ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ላይ የተመሠረቱ መጻሕፍትን በመጻፍ ታወቀ። እውነተኛ ወንጀልን በመጽሐፍ መልክ መተረክ ግን በአማርኛ ከልብ ወለዱ ያነሰ ነው።

በደቡብ ወሎ ለዚህ አንዱ ምክንያት እርቅ ነው። የነፍስ ግድያ በፍርድ ቤት ቢወሰንም ነገሩ በዚያ አያልቅም። አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎችና የሁለቱም ሃይማኖት ሽማግሌዎች የገዳይንና የሟችን ወገን አቀራርበው፣ ካሳ አስከፍለው፣ ደም ያደርቃሉ። እርቅ ከወረደ በኋላ ጉዳዩን መልሶ ማንሳት ነውር ነው፤ ቂም ይቀሰቅሳል ተብሎም ይፈራል። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ወንጀል ጸሐፊ ከፍርድ ቤት መዝገብ የክሱን ጭብጥ፣ የምስክሮችን ቃልና ፍርዱን ያገኛል፤ ሁለቱ ቤተሰቦች በእርቁ ላይ የተነጋገሩትን ግን ከራሳቸው ፈቃድ ውጭ አያገኝም።