ብልህ ነው ብልጥ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስልክ ደወለችልኝ። በእኔ ክፍል ልቦለድ ያጠናች፣ ዛሬ ግን እንደ ብዙዎቹ ባንክ ቤት ገብታ የሰው ገንዘብ የምትቆጥር ልጅ ናት። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» ስትለኝ ስለ ጽሑፍ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። «ስማርት ስፒከር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብላኝ አረፈችው።

እኔን መጠየቋ ያለምክንያት አልነበረም። ቤቴ ውስጥ ሸክላውና ካሴቱ ከመጻሕፍቱ ጋር ቦታ እየተሻማ እንደሚኖር ታውቃለች። ነገሩ የቅንጦት ጥያቄ መስሎኝ ልቀልድባት ስል ምክንያቷን ነገረችኝ። እናቷ ዐይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሷ ጧት ከወጣች ማታ ነው የምትገባው። ሠራተኛዋም ብትሆን ሥራ ላይ ናት። እናት ሬዲዮኑን መነካካት ስላቃታቸው ቀኑን ሙሉ ዝም ያለ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። «ይሄኛውን ግን መንካት አያስፈልግም አሉ። እማዬ ይህን አሰማኝ ሲሉት ያሰማቸዋል» አለችኝ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሊያመጣላት ተስማምቷል። ያማራት ዓይነት ዋጋው 299 ዶላር ነው። ምንዛሪውን አንባቢ በየቤቱ ያባዛው። እሷ አባዝታው የሁለት ወር ደመወዟን ሊበላ ሆነ።

መቼም አስተማሪ የነበረ ሰው ከቃል ሳይጀምር አይሆንለትም። ይህን «ስማርት» የሚባል ቃል ወደ አማርኛ ላምጣህ ቢሉት ደጃፉ ላይ ሁለት ቃላት ይጠብቁታል፤ ብልህና ብልጥ። ብልህ ለሌላው ይተርፋል፤ ብልጥ ከሌላው ያተርፋል። ልጅቷ የጠየቀችኝም፣ ሳታውቀው፣ ይህንኑ ነበር።

ነገርየው ምንድን ነው ለሚል አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ማይክሮፎንና ኮምፒዩተር የተገጠመለት፣ በኢንተርኔት የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ነው። ስሙን ሲጠሩት ይነቃል፤ ያዘዙትን ዘፈን ወይም ዜና ፈልጎ ያሰማል። ገበያውን የከፈተው አማዞን የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ኤኮ ብሎ የሰየመውን ዕቃ በጥቅምት 2007 ዓ.ም ይፋ አደረገ። ጎግል ተከተለው። ከዚያ አፕል «የእኔ ለሙዚቃ ጆሮ የተሠራ ነው» ብሎ ሆምፖድን በየካቲት 2010 ዓ.ም በ349 ዶላር አወጣ። ቁመቱ ከጀበና የማይበልጥ ይህ ዕቃ፣ ድምፁ ከግድግዳ ነጥሮ ሲመለስ በማይክሮፎኖቹ እየለካ ራሱን ከክፍሉ ጋር ያስማማል። ጥግ ላይ ቢያስቀምጡት ጥግ መሆኑን ያውቃል። ይህን ብልሃት አላናንቅም። እኛ በወጣትነታችን የቴፑን ባስ ለማወፈር እንስራ ውስጥ ስፒከር የከተትን ሰዎች ነን።

ሳይሞክሩ መፍረድ ስለማይገባ፣ ልጅቷንና እናቷን ይዤ ከውጭ የተመለሰ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። እሱ ቤት ከእነዚህ ውድ ዕቃዎች አንዱ አለ። የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ይለፈኝ። እናት ሶፋው ላይ ከተደላደሉ በኋላ «በሉ እዘዙት» ተባሉ። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንግዳ እንደሚያናግር ሰው፣ «እንደምን አለህ ልጄ፤ እስቲ የወጋየሁን ፍቅር እስከ መቃብር አሰማኝ» አሉት። ዝም። ጎረቤቴ ስሙን ጠርቶ አነቃውና እናት ደገሙት። መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለና በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀ። ጎረቤቴ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ለዛ አጣሞ ቢሞክር፣ ጭራሽ አንድ የማናውቀው ፈረንጅ ጊታር ይዞ መጣ።

«ምነው፣ ይሄ ልጅ አይሰማም እንዴ?» አሉ እናት።

«እንግሊዝኛ ነው የሚሰማው እማዬ።»

«ታዲያ እኔ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል?»

በመጨረሻ ጎረቤቴ ትረካውን ከስልኩ ላይ ፈልጎ ወደ ዕቃው ላከው። የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እኔ ያንን ትረካ በደርግ ዘመን በወጣትነቴ ከሬዲዮ ነው የሰማሁት፣ አንዳንዴም ከጎረቤት መስኮት ሥር ቆሜ። እንዲያ ጠርቶ፣ ትንፋሹ እንኳ ተለይቶ ሰምቼው አላውቅም። እናት አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ልጅቷ «አየህ ጋሼ?» በሚል ዐይን አየችኝ። ሐሳቤ ወደ መግዛቱ ማዘንበል ጀምሮ ነበር።

ወደ ቤታቸው ስንመለስ ግን እናት አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «የኛ ቴፕ ሃያ አምስት ዓመት አገልግሎናል። ይሄ ስንት ዓመት ይቆያል?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ወደ ኋላ ብዙ መንገድ ሄድኩ። የሚናገር ዕቃ ወደ አገራችን ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያገኘው ቤተ መንግሥቱን ነው። ኤዲሰን ፎኖግራፍን ከፈለሰፈ ሃያ ዓመት እንኳ ብዙም ሳያልፈው፣ በነሐሴ 1890 ዓ.ም፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት መልእክታቸውን በሰም ሲሊንደር ላይ ቀድተው ላኩ። ምኒልክ የንግሥቲቱን ድምፅ በታላቅ አክብሮት ሰምተው መድፍ አስተኮሱ። እሳቸውና እቴጌይቱም በተራቸው ድምፃቸውን ቀድተው መልስ ላኩ። የእነርሱ ቅጂ እስከ ዛሬ እንግሊዝ አገር አለ። የቪክቶሪያ ግን የለም። ሲላክ ጀምሮ፣ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ውል ነበረውና። አሮጊቷ ንግሥት ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ በሰው እጅ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ገብቷቸዋል። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ሸክላው መጣ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ፣ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን አስቀዱ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ሸክላዎች እነዚያ ናቸው። ሸክላም ሆነ ማጫወቻው የመኳንንት ዕቃ ነበር። ሬዲዮም ቢሆን ወደ ተራው ሰው ጆሮ የደረሰው በየቤቱ ገብቶ ሳይሆን፣ ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1933 ዓ.ም አዲስ አበባ አደባባዮች ላይ በተተከሉ ድምፅ ማጉያዎች ነው። ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል፣ የሚሰማውንም መምረጥ አይችልም። ሸክላ ወደ መካከለኛው ቤት በብዛት የገባው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን ሞኖፖል ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ነው። ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሳትሞ በደርግ ጊዜ አገር ለቀቀ። ቀሪውን ካሴት ወረሰው።

ካሴትን የኔ ዘመን ሰው በሚገባ ያውቀዋል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣት ይህች ትንሽ ዕቃ፣ ተራው ሰው ሰሚ ብቻ ሳይሆን ቀጂም እንዲሆን ያደረገች የመጀመሪያዋ ናት። ሰርግ ቀዳንባት፣ ለቅሶ ቀዳንባት፣ ጅዳና ሮም ላሉ ዘመዶች ደብዳቤ ቀድተን ላክንባት። ስትጠመጠም በእስክሪብቶ አዙረን አወጣናት። የአባቴ ቴፕ ስትለጉም ሰፈራችን ላለ ሬዲዮ ጠጋኝ ትሰጣለች፤ እሱም ራሷን በጥጥና በአልኮል ጠርጎ፣ ላስቲኳን ቀይሮ ይመልሳታል። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ይመታል። ዕቃዋን የሠራው ኩባንያ እኛ መኖራችንንም አያውቅ። ሸጠ፣ ሄደ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ቴፗ የአባቴ ናት።

እንግዲህ የእናትን ጥያቄ እዚህ ላይ እናምጣው። አፕል ያንን 349 ዶላር ያወጣውን ትልቁን ሆምፖድ በሦስት ዓመቱ፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም፣ መሥራቱን አቆመ። በጥር 2015 ሁለተኛውን ትውልድ ይዞ ተመለሰ፤ የልጅቷ 299 ዶላር የዚህኛው ዋጋ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለማስነሣት እንኳ የዚያው ኩባንያ ስልክ ወይም ታብሌት ይፈልጋል። ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም፣ ስለዚህ ቴፕም ሆነ ሸክላ ማጫወቻ በሽቦ አይቀጥሉበትም። የሶኖስ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ይህ በድምፅ ጥራት የተመሰገነ የአሜሪካ ኩባንያ በጥር 2012 ዓ.ም አንዳንድ የቆዩ ዕቃዎቹ ከግንቦት ጀምሮ የሶፍትዌር ማሻሻያ እንደማያገኙ አስታወቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ አሮጌውን በአዲስ መቀየር ለሚፈልግ ደንበኛ 30 በመቶ ቅናሽ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ቅናሹን ለማግኘት ግን ደህና የሚሠራውን አሮጌ ዕቃ ዳግም እንዳይሠራ አድርጎ መዝጋት ግድ ነበር። ደንበኛው ሲጮህ ይህን ግዴታ አነሣው። በ2016 ዓ.ም ሚያዝያ ደግሞ የስልክ መተግበሪያውን በአዲስ ሲተካ የለመዱ አገልግሎቶች ጎደሉ፣ ቁጣው ከረመና በጥር 2017 የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከቦታቸው ለቀቁ። ሰዎቹ ቤት የተቀመጠው ስፒከር አንድም ሽቦ አልተበጠሰበትም። የተበላሸው ሌላ አገር ባለ ቢሮ ውስጥ ነው። ይህን የትኛው የሰፈር ጠጋኝ ይጠግነዋል?

ሌላም አለ። አባቴ በደርግ ዘመን ማታ ማታ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን ሲሰማ፣ ሬዲዮኑን ታቅፎ ጋቢውን ከራሱ በላይ ይከናነብ ነበር። «ግድግዳ ጆሮ አለው» ይለን ነበር። የዛሬው ዕቃ ደግሞ ጆሮ ያለውን ግድግዳ በገንዘባችን ገዝተን እንድናስገባ ይጠይቀናል። የተጋነነ እንዳይመስል አንድ ሁለት ነገር ልጥቀስ። በሐምሌ 2011 ዓ.ም አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ የአፕል ኮንትራት ሠራተኞች ሲሪ የተባለችው የድምፅ ረዳት የቀዳችውን፣ አንዳንዴም ማንም ሳይጠራት ነቅታ የሰማችውን የሰዎች የግል ንግግር ጥራቷን ለመመዘን ያዳምጡ ነበር። ኩባንያው አሠራሩን አቁሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቅጂ አላስቀርም አለ። አማዞን በበኩሉ፣ አንዳንድ የኤኮ ዕቃዎች የሰሙትን ወደ ኩባንያው ሳይልኩ እዚያው እንዲያስተናግዱ የሚፈቅደውን ምርጫ በመጋቢት 2017 ዓ.ም አነሣ። ቪክቶሪያ አንድ ሲሊንደር እንዲጠፋ ማዘዝ ችለው ነበር።

ሰው ሁሉ ስለማይሰለለው ሳይሆን የሚደበቅ የለኝም ብሎ ነው የሚገዛው፤ እሱንም አልነቅፍም። እንግሊዝኛ ለሚናገር፣ ኢንተርኔቱ ለማይቆራረጥበት፣ ስልኩም የዚያው ኩባንያ ለሆነ ሰው፣ ገመድ ሳይጎትት አንድ ክፍል በጥሩ ድምፅ የሚሞላ ዕቃ በዚህ ዋጋ ተወደደ አይባልም። ዳያስፖራ ያሉ ወዳጆቼ ይደሰቱበታል፣ ደስታቸውም ውሸት አይደለም። ለተማሪዬ እናት ግን ሲሪም ሆነች አሌክሳ አማርኛን ከቋንቋዎቻቸው አልቆጠሩትም። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ባንክ ቤት ስትውል ያ የሚያምር ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይውላል። «ለእናትሽ ከሆነ አትግዢ» አልኳት። ቅር አላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መርካቶ ሄደን ፍላሽ የምትቀበል ትንሽ ሬዲዮ ገዛን። የማስነሻ ቁልፏ ላይ እናት በጣታቸው እንዲለዩት የቁስል ፕላስተር ለጠፍንበት፤ ወደሚቀጥለው በምታሳልፈው ላይ ሁለት ደርበን። ትረካውን በየክፍሉ ከፋፍላ ሞላችላቸው፣ መዝሙርም ጨመረች። ድምፁ ከጎረቤቴ ዕቃ ጋር አይወዳደርም፤ ትንሽ በአፍንጫው ይናገራል። እናት ግን ራሳቸው ይከፍቱታል፣ ራሳቸው ይዘጉታል። ከዚያ ልጅቷ ከአሮጌው ሣጥን ውስጥ አንድ ካሴት አወጣች። አባቷ በሕይወት ሳሉ ከጅዳ የላኩት ነው። እኔ ቤት አምጥታው ወደ ፍላሽ ገለበጥነው። አንደኛው ገጽ ሻግቶ አልወጣም። ሁለተኛው ወጥቷል።

ለራሷ ክፍል ግን ስፒከሩን አሁንም እንዳሰበችው ነው። ዘመድየው የሚመጣው ለፋሲካ ስለሆነ ጊዜ አላት። እኔ ደህና ያገለገለ አምፕሊፋየርና ጥንድ ስፒከር ፒያሳ እንድናይ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። ቢበላሽ ጠጋኙን አውቀዋለሁ።