አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ወረቀት

የሐኪም ወረቀት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከክፍል ቀርቶ የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ይመሰክራል። በብስክሌት ታሪክ ውስጥ ግን ወረቀቱ የቱር ደ ፍራንስን ቢጫ ማልያ ሳይቀር አትርፏል።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1999 ነው። በ1998 የፌስቲና ቡድን መኪና አበረታች መድኃኒት ጭና ተይዛ የቱሩ ስም ጎድፎ ነበር። «ዘንድሮስ ንጹሕ ነው» በተባለበት ውድድር ላይ የላንስ አርምስትሮንግ ሽንት ውስጥ ትሪያምሲኖሎን የተባለ የኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት በጥቂቱ ተገኘ። ቡድኑ «ኮርቻ ላቆሰለው ገላው የተቀባው ቅባት ነው» ብሎ ማዘዣ አቀረበ፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም ተቀበለ። ማዘዣው የኋላ ቀን ተጽፎበት የተሠራ እንደነበር አርምስትሮንግ ራሱ ያመነው በ2013፣ ሰባቱም ድሎቹ ከተሰረዙ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ግን እውነተኛ ነው። በ2016 የኮምፒውተር ሰርሳሪዎች ከዋዳ የሰረቁትን መዝገብ ሲበትኑ፣ የ2012ቱ የቱር አሸናፊ እንግሊዛዊው ብራድሊ ዊጊንስ ያንኑ መድኃኒት ከሦስት ታላላቅ ውድድሮች በፊት በመርፌ መውሰዱ ታወቀ። ፈቃድ ነበረው። አስምና የአበባ ብናኝ አለርጂ እንዳለበትም ተናግሯል። የጣሰው ሕግ አልተገኘም።

ታዲያ ክርክሩ ከየት መጣ? መድኃኒቱ የመተንፈሻ አካልን ብግነት ያስታግሳል፤ ጉልበት ሳይቀንስ ክብደት ለመቀነስም ይረዳል። ተራራ ለሚወጣ ብስክሌተኛ እያንዳንዷ ኪሎ ዋጋ አላት። በ2018 የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ፣ ስካይ የተባለው የዊጊንስ ቡድን መድኃኒቱን ለሕክምና ብቻ ሳይሆን ብቃት ለመጨመርም ተጠቅሞበታል፣ የሥነ ምግባር መስመርም አልፏል ሲል ደመደመ። ዊጊንስም ቡድኑም አስተባበሉ።

ዋዳ ከጥር 2022 ጀምሮ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶችን በማንኛውም መርፌ መውሰድ በውድድር ወቅት ከልክሏል። በእውነት የሚያስፈልገው ሰው ግን ዛሬም ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። መቻልም አለበት! አስም የያዘው ስፖርተኛ መታከሙ ወንጀል አይደለም፤ የጤና መዝገቡም የአደባባይ ወሬ መሆን የለበትም።

ነገር ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ። የ1999ኙ የሐሰት ማዘዣ በቀላሉ ስላለፈ፣ ከዚያ ወዲህ የሚመጣ እውነተኛ ማዘዣ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። የዚያን ዕዳ የሚከፍለው አርምስትሮንግ ብቻ አይደለም፤ ሕመሙን የሚያምንለት ያጣው ሐቀኛ ብስክሌተኛም ጭምር ነው።