እስከ ውዳቂ የሚዘልቅ ኃላፊነት

አንድ ሃይላንድ ውኃ ስንገዛ የምንከፍለው ዋጋ ውስጥ የውኃው፣ የጠርሙሱ፣ የክዳኑ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ የባለሱቁ ትርፍና የመንግሥት ግብር አለ። ባዶውን ጠርሙስ ለሚያነሳው ሰው ግን አንዲት ሳንቲም አልተቆረጠችለትም። ያንን ወጪ ማዘጋጃ ቤት ይሸፍነዋል፤ ነዋሪው ከውኃ ቢሉ ጋር ይከፍለዋል፤ አለዚያም ማንም ሳይከፍለው ጠርሙሱ የጎርፍ መውረጃውን ደፍኖ ይቀመጣል።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት የተነሳው መርሕ ቃል በቃል ሲመለስ «የተራዘመ የአምራች ኃላፊነት» ይሆናል። «የተራዘመ» ሲባል ግን ለሌላ ቀን የተቀጠረ ነገር ስለሚመስል «እስከ ውዳቂ የሚዘልቅ የአምራች ኃላፊነት» ብንለው ይሻላል እላለሁ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ዕቃውን ያመረተ ወይም ከውጭ ያስገባ ሸጦ አይገላገልም። ዕቃው አገልግሎቱን ሲጨርስ የሚሰበሰብበትንና ተመልሶ ጥሬ ዕቃ የሚሆንበትን ወጪ ይሸከማል።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 በስም ያስተዋወቁት ቶማስ ሊንድቅቪስት የተባሉ ስዊድናዊ ተመራማሪ ናቸው። በዓመቱ ጀርመን በማሸጊያዎች ላይ ደንብ አድርጋ አወጣችው። አሠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ኩባንያዎች ተሰባስበው አንድ የጋራ ድርጅት ያቋቁማሉ፤ እያንዳንዱ ገበያ ላይ ባዋለው ማሸጊያ ክብደትና ዓይነት ልክ ይከፍላል፤ ድርጅቱም በዚያ ገንዘብ ሰብሳቢውንና መልሶ አምራቹን ይደግፋል።

«ዓይነት» የምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የመርሑ ጉልበት ያለው እዚያ ነው። የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የተባለ ፕላስቲክ ከውኃ ይከብዳል፤ ክዳኑ የሚሠራበት ደግሞ ከውኃ ይቀላል። ሁለቱ አብረው ተፈጭተው ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሲገቡ የጠርሙሱ ስባሪ ይዘቅጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል፤ ያለ ብዙ ድካም ይለያያሉ። የምርቱ ስም የታተመበት ላስቲክ ከፒቪሲ የተሠራ ከሆነ ግን እሱም አብሮ ይዘቅጣል። ፔት በሚቀልጥበት ሙቀት ፒቪሲ ይፈራርስና አሲድ ይለቃል፤ ጥቂቱ ብዙውን ያበላሻል። ይህን ጥፋት ጠርሙሱን ከመንገድ የለቀመ ሰው ሊያርመው አይችልም። ውሳኔው ያለፈው ገና ፋብሪካው ላስቲኩን ሲያዝዝ ነው። ስለዚህ ለመለየት አስቸጋሪ የሆነ ማሸጊያ የሚጠቀም ኩባንያ ከፍ ያለ ክፍያ ሲጣልበት፣ በሚቀጥለው ትእዛዝ ሌላ ላስቲክ ይመርጣል። ቆሻሻን ከምንጩ መቀነስ ማለት ይህ ነው።

ወጪው የሚጫነው አምራቾች ላይ ሆኖ ሳለ፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ይህን ሕግ የሚጠይቁት ለምንድን ነው? ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 መንግሥት ፌስታልን ሲከለክል ቀጣዩ ተራ የጠርሙስ እንደሚሆን የመጠጥ ኩባንያዎች ተረዱ። በ2018 የጋራ ድርጅታቸው ፔትኮ ኬንያ ተቋቋመ፤ በ2019 የኬንያ አምራቾች ማኅበር የፕላስቲክ ቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ አቀረበ፤ በ2022 ደግሞ የአምራች ኃላፊነት በቆሻሻ አያያዝ ሕግ ውስጥ ገባ። ክልከላን መፍራት አንዱ ምክንያት ነበር። ሌላው ምክንያት የበለጠ የሚያሳምን ይመስለኛል፤ በፈቃደኝነት በሚመራ ማኅበር ውስጥ የሚከፍለው ሐቀኛው ብቻ ነው፤ የማይከፍለው ዕቃውን አርክሶ ይሸጥና ገበያውን ይነጥቀዋል። የጀርመኑ የጋራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ለኪሳራ የተቃረበው፣ ብዙ ኩባንያዎች የድርጅቱን ምልክት ማሸጊያቸው ላይ እያተሙ ክፍያውን ባለመክፈላቸው ጭምር ነበር። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2004 በፈቃደኝነት የጀመረችውን በ2021 ግዴታ አድርጋዋለች።

የኢንዱስትሪው ጉትጎታ ሁልጊዜ ለሕዝብ ጥቅም ነው ማለት ግን አይደለም። «በፈቃዳችን እየሠራን ነው» የሚለው መልስ ጠንካራ ሕግን ለዓመታት ማዘግየት ይችላል። ስለዚህ አንድ ማኅበር ሲናገር የምጠይቀው፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና ሒሳቡን ማን እንደሚመረምረው ነው። ሸቀጡ ድንበር ስለሚሻገርም ጉዳዩ ቀጣናዊ ነው። በሞያሌ የገባውን ዕቃ አስመጪ እንደ አምራች የማይቆጥር ሕግ የአገር ውስጡን ፋብሪካ ብቻ ይቀጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። የቢራና የለስላሳ ሳጥን ከነባዶ ጠርሙሱ ወደ ፋብሪካ የሚመለሰው ጠርሙሱ የፋብሪካው ንብረት ስለሆነና ማስያዣ ስላለው ነው። ፔትኮ ኢትዮጵያም የፔት ጠርሙስ ተጠቃሚ ኩባንያዎችን አሰባስቧል። በሕግ በኩል የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያላቸውን ፌስታሎች ለመገደብ ሞክሯል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ከልክሏል። ክልከላ ግን የሚበጀው ሌላ ምትክ ላለው ነገር ነው። ለመድኃኒት ብልቃጥ፣ ለዘይት ጀሪካን፣ ለአሮጌ ስልክና ባትሪ የሚያስፈልገው ተጠያቂ ባለቤት ነው።

ያ ባለቤት እስኪገኝ ድረስ የመሰብሰቡን ሥራ ተሸክመው ያሉት ቆራሌዎች፣ ልዋጮች፣ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ሠራተኞችና ቆሼ በሚባለው የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ ላይ የሚለቅሙ ሰዎች ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ የሞቱት በአብዛኛው በክምሩ ሥር የሚኖሩና ከእሱ የሚተዳደሩ ድሆች ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ደንብ የጋራ ድርጅቶቹ ለተመዘገቡ ለቃሚዎች የአገልግሎት ክፍያ እንዲከፍሉ ያስገድዳል። ይህ አንቀጽ በእኛም አገር በሚወጣ ደንብ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ አዲስ ፕላስቲክ ይረክሳል፣ ያገለገለው ፈላጊ ያጣል፣ የቆራሌው የኪሎ ዋጋም አብሮ ይወድቃል። ከአምራቾች የሚሰበሰበው ገንዘብ በመጀመሪያ መሸፈን ያለበት ይህን ጉድለት ነው።