የጉና በግ፣ የገና ሹራብ

ስሙኝማ ወገኖቼ! ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ትረካዬ ስለ ገና ልብስ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2002፣ አገሩ ካናዳ፣ ከተማው ቫንኩቨር። ሁለት ጓደኛሞች የገና ድግስ ጠሩና ደንብ አወጡ፤ ማንም ዘንጦ እንዳይመጣ፣ ካለው ሹራብ ሁሉ አስቀያሚውን መርጦ እንዲለብስ። እንግዲህ አያት ሠርታ ያበረከተችው፣ አክስት የላከችው፣ አጋዘን የቆመበት፣ ደወል የተንጠለጠለበት ሹራብ ሁሉ ከሣጥን ሥር ወጣ። ነገሩ ተወደደና ባሕር ተሻገረ። ፋብሪካዎችም ገበያ ሸተታቸውና አስቀያሚ ሹራብ አምርተው መሸጥ ያዙ። ልማዱን ከልባቸው የወደዱት ግን ዛሬም የየራሳቸውን በእጃቸው ይሠራሉ።

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ የገና ልብስ በእጅ መሥራት ከተነሣ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሰው ማን ይቀድማል? ተከተሉኝ፤ ከደብረ ታቦር ተነሥተን ወደ ምሥራቅ ሽቅብ እንውጣ።

ያ የምታዩት የጉና ተራራ ነው። ቁመቱ ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ ርብና ጉማራ ከጎኑ ፈልቀው ጣና ይገባሉ። በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ እረኛው ሲረግጠው ከእግሩ ሥር ይንኮሻኮሻል። በዚህ ብርድ ሰውን ያኖረው በግ ነው። የደጋው በግ ከላይ ጠጉር፣ ከሥር ደግሞ ለስላሳ ሱፍ አለው፤ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ዳለቻው፣ ዳማው በአንድ መንጋ ይሰማራል። ቀለም መግዛት አያሻም፤ ቀለሙ ሜዳው ላይ ሣር እየጋጠ ነው።

አሁን የባለሙያዎቹን እጅ ተመልከቱ። በጉ ተሸልቶ ጠጉሩ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ጭዱና እሾሁ በጣት ይለቀማል። ከዚያ ደጋን ይመጣል፤ ጅማቱ ድም! ድም! ባለ ቁጥር የተቋጠረው ጠጉር ይፍታታል፣ ያብጣል፣ ጉም ይመስላል። እናት ከዚያ ቆንጠር አድርጋ እንዝርቷ ጫፍ ላይ ታስይዝና ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች። እንዝርቱ ሲዞር ጠጉሩ ይከርራል፣ ክሩ ይረዝማል፣ ልቃቂቱ ይወፍራል። ሁለቱን ክር አንድ ላይ ስትገምደው ጠነከረ ማለት ነው።

የእጅ ፈትል አንድ ወጥ አይደለም። በጠዋት ብርሃን የተፈተለው ይቀጥናል፤ ማታ እሳት ዳር፣ ጨዋታ እየተሰማ የተፈተለው ይወፍራል። ሰው በገበያ ሹራብ ላይ ይህን ቢያይ ነውር ይለዋል። እኔ ግን ልብሱን ባየሁት ቁጥር የፈተለችውን ሴት ውሎና አመሻሽ አነበዋለሁ፤ ይህ ጌጥ እንጂ ነውር አይደለም።

ሸማኔው ከዚህ ክር ባና ይሠራል፣ ዝተት ይሠራል፣ በርኖስ ይሠራል። ባናው ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ሥራው አላለቀም፤ በሙቅ ውኃ ተነክሮ በእግር ይረገጣል። ሙቀቱና ርግጫው ጠጉሩን እርስ በርሱ ያያይዘዋል፣ ጨርቁ ይጠብቃል፣ ነፋስ አያሳልፍም። ለሹራብ ግን ተጠንቀቁ! ያው ሙቅ ውኃ ሹራባችሁን አኮማትሮ የሕፃን ልብስ ያደርግባችኋል። ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙና እጠቡት፤ የጠጉሩ የራሱ ቅባት ሲቀርለት ካፊያን ይመክታል።

መርፌ የለንም አትበሉ። በአገራችን ስንቱ ወጣት የብስክሌት ራጂ ፍቆ፣ ጫፉን አሹሎ ሹራብና ቆብ ሠርቶበታል! ከታች ጀምሩ፤ ወገቡን አጥብቁት፣ ደረቱን አላሉት፣ እጅጌውን በመጨረሻ ቀጥሉት። ሥዕል ካማራችሁ አጋዘን ምን ያደርግላችኋል? በነጭ ሜዳ ላይ ጥቁር በግ አቁሙበት። ቆልማማውን የገና ዱላና ክቡን ሩር አስቀምጡበት። በጉ እግሩ አምስት ቢመስል ይምሰል፤ የገና ቀን ሳቅ ይወዳል።

ይወዳል ስል በምክንያት ነው። ገና የእረኞች በዓል ነው። የምሥራቹን በሌሊት መጀመሪያ የሰሙት መንጋቸውን የሚጠብቁት ናቸው፤ አባቶቻችንም በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ይላሉ። የላይኛውና የታችኛው መንደር ሜዳ ላይ ሩር ሲያባርሩ፣ በዚያች ቀን ጌታ ሎሌውን አይቆጣም፤ ድሃው ባለጠጋውን በግጥም ሲወርፈው ባለጠጋው ስቆ ያልፋል። ፈረንጅ ባለሥልጣንና ተላላኪ አስቀያሚ ሹራብ ለብሰው ጎን ለጎን ሲሳሳቁ የሚያገኙትን ነፃነት፣ የእኛ ሰው በገና ሜዳ ላይ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል።

ደግሞ ጋይንት የራሷ ቤተልሔም አላት! የድጓ ማስመስከሪያዋን ቤተልሔምን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓኬናም እ.ኤ.አ. በ1955 ደርሶባት፣ ከክቡ የሣር ክዳን ውስጥ የተሸሸገውን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ አይቶ ተደነቀ። የቆሎ ተማሪው ግን ከእርሱ በፊት ለዘመናት በበግ ደበሎ ተጠቅልሎ የያሬድን ዜማ ሲቀጽል ኖሯል። ገናን በላሊበላ ሊያከብር በጨጨሆ በኩል ወደ ላስታ የሚያቀናውም መንገደኛ ብርዱን ያለፈው በዚሁ በበግ ጠጉር ነው።

ሩቅ ሰሜን፣ አይስላንድ በሚባል የበረዶ አገርም ሰዉ በጠጉር ይኖራል። እዚያ ሽማግሌዎች ለልጆች ስለ ገና ድመት ይተርካሉ፤ የመኸሩን ጠጉር ከገና በፊት ፈትሎ ያልጨረሰ አዲስ ልብስ አያገኝም፣ አዲስ ልብስ የሌለውን ደግሞ ግዙፉ ድመት ይበላዋል ይሏቸዋል። ሥራን በተረት ማትጋት ይሏችኋል ይሄ ነው።

እኛስ? እኛ የምንለብሰውን ወደን የሚሠራልንን ስንንቅ ኖርን። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ብለን ሰደብነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ ይቅር ብለው እስከ ማወጅ ደረሱ። አዋጁ ወጣ፣ ንቀቱ ግን ከብዙ ቤት ቶሎ አልወጣም። ስለዚህ ልጃችን ከበጎቹ መሐል ቆሞ ሰልባጅ ሹራብ ይለብሳል፤ አያቱ የምታውቀው ሙያ ደግሞ ከእርሷ ጋር ያረጃል። ለእኔ አስቀያሚው ነገር ይህ ነው፤ ይህንንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

እንግዲህ የማሳርገው በልመና ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ወደ አያታችሁ ሂዱ። እማማ፣ እንዝርት አያያዝ አስተምሩኝ በሏቸው። ወንድ ልጅም ቢሆን ይቀመጥ፣ ይፍተል፤ እጅ ፆታ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ክር ይበጠሳል፤ ቀጥሉት። እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ጊዜ አላችሁ፤ ሹራብ ባይደርስ ቆብ ይደርሳል። እጅጌው አንዱ ካንዱ ቢረዝምም ለብሳችሁ ገና ሜዳ ውጡና ማን ሠራው ሲሏችሁ ራሳችሁን፣ ማን አስተማራችሁ ሲሏችሁ አያታችሁን ጥሩ። ይህ ሙያ ከመጽሐፍ ብቻ አይለመድም፤ ከእጅ ወደ እጅ ካልሄደ በስተቀር የትም አይደርስም፣ የሚያስተምሩት እጆችም ዛሬ አሉ።