ኦስማን ሚርጋኒ፡ የዳቦ ዋጋ ዜና ጋዜጣ በሚያስወርስባት ካርቱም

በጃንዋሪ 2018 መጀመሪያ የሱዳን መንግሥት ስንዴ ከውጭ የማስገባቱን ሥራ ለግል ነጋዴዎች ሲተው በካርቱም የአንድ ዳቦ ዋጋ ከግማሽ ፓውንድ ወደ አንድ ፓውንድ አሻቀበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጃንዋሪ 7፣ ለኢትዮጵያውያን የገና ዕለት፣ የደኅንነት ኃይሎች የዋጋ ጭማሪውን የዘገቡና የተቹ የስድስት ጋዜጦችን ዕትም ወረሱ። ከእነርሱ አንዱ ‘አል-ታያር’ ነበር።

የጋዜጣው መሥራችና ዋና አዘጋጅ ኦስማን ሚርጋኒ ሙያቸው ምሕንድስና ነው። ወደ ጋዜጠኝነት የተሳቡት በዓምደኝነት ሲሆን፣ “የከተማዋ ወሬ” ተብሎ ሊተረጎም በሚችለው ዓምዳቸው በስፋት ይታወቃሉ። ‘አል-ታያር’ን ያቋቋሙት በ2009 ነው። መቀመጫውን ለንደን ባደረገው ‘አሽርቅ አል-አውሳት’ ጋዜጣ ላይ የሚጽፉና በስም ብቻ የሚመሳሰሏቸው ሌላ ሱዳናዊ ጋዜጠኛ ስላሉ አንባቢ ሁለቱን እንዳያምታታ ያስፈልጋል።

ሚርጋኒ በጠባቡ ትርጉም የኢኮኖሚ ዘጋቢ አይደሉም። ሆኖም በኦማር አል-በሽር ዘመን የኢኮኖሚ ጋዜጠኝነት በካርቱም ምን ያስከፍል እንደነበር ከእርሳቸው ጋዜጣ ታሪክ በላይ የሚያሳይ ማግኘት ያስቸግራል።

አል-በሽር በሴፕቴምበር 2009 ቅድመ ምርመራ መቅረቱን አውጀው ነበር። ከዚያ በፊት የደኅንነት ሠራተኞች ማታ ማታ በየዝግጅት ክፍሉ እየተገኙ የማይፈልጉትን ጽሑፍ ያስወጡ ነበር። ተክቶት የመጣው አሠራር ግን ለጋዜጦቹ የከፋ ሆነ። ጋዜጣው እስኪታተም ይጠበቃል፤ ከዚያም ከማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ ይወረሳል። የወረቀቱ፣ የቀለሙና የኅትመቱ ክፍያ ተፈጽሟል፤ የሽያጩ ገቢ ግን ቀርቷል፤ ያልወጣ ማስታወቂያም አይከፈልበትም። ለጋዜጠኛው የእስር ትእዛዝ፣ ለአሳታሚውም የፍርድ ቤት ክስ አያስፈልግም። ቅጣቱ ራሱ ኢኮኖሚያዊ ነው። በፌብሩዋሪ 16፣ 2015 በአንድ ቀን ብቻ የ14 ጋዜጦች ዕትም በዚህ መንገድ ተወርሷል።

ዋጋ ይህን ያህል ስሱ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት አለው። ደቡብ ሱዳን በጁላይ 2011 ነፃ ስትወጣ ሱዳን ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች። በዶላር የተደጎመው ዳቦና ቤንዚን ከዚያ በኋላ ሊዘልቅ አልቻለም። በሴፕቴምበር 2013 የነዳጅ ድጎማ ሲነሳ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። የመብት ተሟጋቹ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በወቅቱ ቢያንስ 185 ሰዎች መገደላቸውን መዝግቧል። ጋዜጦች ከመንግሥት መግለጫ ውጪ እንዳይጽፉ ሲታዘዙ አንዳንዶቹ ኅትመት ማቆምን መረጡ።

‘አል-ታያር’ በዚያ ወቅት ቀድሞውኑ ተዘግቶ ነበር። በ2012 የታገደ ሲሆን ወደ ገበያ የተመለሰው በ2014 ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ የታጠቁ ሰዎች ካርቱም የሚገኘውን ቢሮ ጥሰው ገብተው ሚርጋኒን ክፉኛ ደበደቧቸው፤ ሆስፒታልም ገቡ። ስለ ጥቃቱ መንስኤ ሁለት ነገር ይነገር ነበር፤ አንዱ የጋዜጣው የሙስና ዘገባዎች፣ ሌላው ሚርጋኒ በቴሌቪዥን ስለ ጋዛ የሰጡት አስተያየት። በዲሴምበር 2015 ደግሞ የድጎማ ቅነሳን ከተቸ ጽሑፍ በኋላ ጋዜጣው ላልተወሰነ ጊዜ ታገደ። ጋዜጠኞቹ በማርች 2016 የረሃብ አድማ አደረጉ፤ በዚያው ወር እገዳው ተነሣ።

የሚገርመው ቁጥሮቹ ምስጢር አልነበሩም። የሱዳን ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ የዋጋ ግሽበትን በየወሩ ያወጣ ነበር፤ በዲሴምበር 2018 ወደ 73 በመቶ መድረሱን የተናገረው መንግሥት ራሱ ነው። የዶላር ይፋዊ ተመንም ቢሆን በጃንዋሪ 2018 ከ6.9 ወደ 18፣ በኦክቶበር ደግሞ ወደ 47.5 ፓውንድ ሲወጣ በአዋጅ ነበር። አደገኛው ቁጥሩን ከውሳኔው፣ ውሳኔውንም ከባለሥልጣኑ ጋር ማገናኘቱ ነው። የኢኮኖሚ ጋዜጠኛ ሥራ ደግሞ በአመዛኙ ይኸው ነው።

ጋዜጣ ሲወረስ ድምፅ ሌላ መውጫ ያገኛል። የአረብኛ የሳተላይት ቴሌቪዥኖች ስቱዲዮ ከካርቱም ደኅንነት እጅ ውጪ በመሆኑ ሚርጋኒን የመሳሰሉ አርታዒዎች በማተሚያ ቤት የታገደባቸውን ትንታኔ በዚያ ያቀርቡ ነበር። ተናጋሪው ግን ያለው ካርቱም ነው። በአትባራ ከተማ የአንድ ዳቦ ዋጋ ሦስት ፓውንድ በመግባቱ ዲሴምበር 19፣ 2018 የተቀሰቀሰው ተቃውሞ አገር ካዳረሰ በኋላ፣ አል-በሽር ፌብሩዋሪ 22፣ 2019 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ሚርጋኒ ስለ ንግግሩ ለስካይ ኒውስ አረቢያ አስተያየት ሰጡ፤ በዚያው ምሽት ከቢሯቸው ተወስደው ከአንድ ወር በላይ ታሰሩ።

ኤፕሪል 11 አል-በሽር ከሥልጣን ወረዱ። በመኖሪያቸው 6.9 ሚሊዮን ዩሮ፣ ከ350 ሺህ በላይ ዶላርና 5.7 ሚሊዮን የሱዳን ፓውንድ ተገኘ። ሕዝቡ በባንክ ማሽን ፊት ለጥቂት ፓውንድ በተሰለፈባት አገር ይህ ከማንኛውም የአርታዒ ትችት የበለጠ ተናጋሪ ዜና ነበር። ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2019 በሙስናና በሕገወጥ የውጭ ምንዛሪ ይዞታ የሁለት ዓመት ቅጣት ወሰነባቸው።

የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ ኢኮኖሚስት ናቸው፤ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለዓመታት ሠርተዋል። በእርሳቸው ዘመን ጋዜጦች ከወትሮው በተሻለ ነፃነት ጻፉ፤ ገበያው ግን አልራራላቸውም። በፌብሩዋሪ 2021 ይፋዊው የዶላር ተመን ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ሲዘል፣ በዓመቱ አጋማሽ ግሽበት ከ400 በመቶ አለፈ። ወረቀት ከውጭ ለሚገዛ አሳታሚ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። በኦክቶበር ወታደሮቹ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ።

ኤፕሪል 15፣ 2023 በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲፈነዳ የካርቱም ማተሚያ ቤቶች ቆሙ። በኦምዱርማን የሚገኘው የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወድቆ እስከ ማርች 2024 ቆየ። በርካታ ጋዜጠኞች ወደ ካይሮና ፖርት ሱዳን ሸሹ፤ የገበያ ዋጋን በስልክና በዋትስአፕ እየጠየቁ ማጠናቀር የተለመደ ሥራ ሆነ።

በ2024 መጨረሻ ማዕከላዊ ባንኩ አዳዲስ የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ኖቶችን ሲያሠራጭ ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በሚቆጣጠራቸው አካባቢዎች እንዳይዘዋወሩ ከለከለ። ስለዚህም ስለ ዳቦ ዋጋ የሚጽፍ ዘጋቢ ከዋጋው በፊት ገበያው በየትኛው ኖት እንደሚገበያይ መጠየቅ ግድ ሆነበት።