የጓያ ሽሮ

አብዛኞቻችን ያደግነው በአንድ ድስት ራት ነው። ሲመሽ እናታችን የሸክላውን ድስት ጉልቻው ላይ ትጥድና ውሃው ሲፈላ ሽሮውን በግራ እጇ እየነሰነሰች በቀኟ ታማስላለች። ነጭ ሽንኩርት ትጨምራለች፤ የኑግ ዘይት ካለ ጠብ ታደርጋለች፣ ከሌለም የለም። ከዚያ የዳጉሳ እንጀራ ላይ ይፈስና ስድስትም ሰባትም ሆነን ዙሪያውን እንከባለን። ከምን እንደተሠራ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። በደህና ዓመት ባቄላና አተር ይገባበታል። ዝናቡ ቀድሞ በወጣበት ዓመት ግን ጓያ ብቻ ነበር።

ጓያ ለደራና ለፎገራ ሰው ባለውለታ ነው፤ ይህን ሳንል ብናልፍ ግፍ ይሆንብናል። ክረምቱ ሲወጣ ውሃ አቁሮ በከረመው ጥቁር አፈር ላይ ይዘራል፣ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ሌላው ሲከዳ እሱ አይከዳም። መዘዙም ከዚሁ ይመጣል። ሌላ እህል ስለማይተርፍ ቤተሰቡ ሁለት ሦስት ወር ጧት ማታ እሱኑ ይበላል። በውስጡ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ፤ ሲበዛ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። በአገራችን «ጓያ ሰበረው» የሚባለው ይኸው ነው።

በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰው ተሰበረ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚሁ አካባቢ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ። ከታመሙት የሚበዙት ወጣት ወንዶች ነበሩ። (በባሕር ማዶም ያለ ነገር ነው። የስፔኑ ሠዓሊ ጎያ በ1811 እና 1812 በማድሪድ ረሃብ ጊዜ የጓያ ገንፎ ስትታደል፣ አጠገቧም መነሣት ያቃታት ሴት ተኝታ የሚታይበት ሥዕል ሠርቷል። ስሙና እህላችን መመሳሰላቸው አስቆናል።)

ከመካከላችን የአንዷ ወንድም ከብት ጠባቂ ሳለ ተሰበረ። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ «ልጄን በድስቴ ሰበርሁት» ይሉ ነበር። ሽሮ በሚፈላበት ጊዜ ልጆቹን ከእንፋሎቱ ያርቁ ነበር፤ የሁላችንም እናቶች እንፋሎቱን ይፈሩ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታና ዳውንት ተመሳሳይ በሽታ ሲነሣ ሐኪሞች የአበላሉን ዓይነት አጠኑ። አደጋው የጎላው እሸቱን ጥሬውን፣ ንፍሮውንና ቆሎውን በሚበሉት ላይ ነበር። ከሌላ እህል ጋር የተቀላቀለና ሽንኩርትና ቅመም ባለው ወጥ የተበላ ግን ጉዳቱ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ያ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማሳ ለማሳ እሸት ሲቆረጥም ይውል ነበር። ይህን ለእናቱ የሚነግራቸው ሰው አልተገኘም፤ እህቱም የሰማችው በእኛ ስብሰባ ላይ ነው። ብዙ አለቀሰች።

አሁን ጓያ ስናዘጋጅ ሌሊቱን ዘፍዝፈን እናሳድራለን፣ ጧት ውሃውን ደፍተን እናጥባለን፣ አድርቀን እናምሳለን፤ መርዙ ባይጠፋም ይቀንሳል። ለሽሮም ለብቻው አንፈጨውም። ባቄላ በተወደደ ጊዜ «ጓያ እንዳለበት ብንጽፍ ማን ይገዛናል?» የሚል ክርክር ተነሥቶብን ነበር፤ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። የከረረ ነገርም ተወራ። በመጨረሻ ከረጢቱ ላይ «ጓያ አለበት» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማማን። የመጀመሪያዎቹን ከረጢቶች በእጇ የጻፈችው እህቱ ነበረች።